በሁለት ቀን የሚያልቅና የማያልቅ

ለነጻ ሕክምናና ለትምህርት ቤት ድጋፍ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚወጣ የበጎ ፈቃድ ቡድን ብዙውን ጊዜ የሚቆየው ቅዳሜንና እሑድን ነው። መድኃኒት ከመገዛቱና ደብተር ከመጫኑ በፊት አንድ ነገር ቁጭ ብሎ መለየት ይገባል፤ በሁለት ቀን ተጀምሮ የሚያልቀው የትኛው ነው? የማያልቀውስ ለማን ይሰጣል?

የሚያልቅ አለ። የሆድ ትል ኪኒን አንድ ጊዜ ተውጦ ያልቃል። የማንበቢያ መነጽር እዚያው ተለክቶ ይሰጣል። በኩክ የተደፈነ ጆሮ ይታጠባል፣ የበሰበሰ ጥርስ ይነቀላል፣ ያመረቀዘ ቁስል ይጠረጋል። የማያልቅም አለ፤ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የልጆች ቆረቆር። ለደም ግፊት ታካሚ የ30 ቀን ኪኒን ሰጥቶ መመለስ ለ31ኛው ቀን መልስ አያስቀምጥም። የሚጥል በሽታ ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ፌኖባርቢታል ጀምሮ የለመደ ሰው መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥበት ከበፊቱ የበረታ፣ አንዳንዴም የማያባራ መንዘፍዘፍ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ጤና ጣቢያው መድኃኒቱን በየወሩ የሚሰጥ መሆኑ ሳይረጋገጥ ማስጀመር ሰውየውን አደጋ ላይ መጣል ነው። ቆረቆርም ቅባት ብቻ አይበቃውም፤ ፈንገሱ በፀጉሩ ሥር ስላለ ግሪሲዮፉልቪን የሚባለውን ኪኒን ለሳምንታት መዋጥ ይፈልጋል። ቅባት ተቀብቶ የተሸኘ ልጅ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደነበረ ይገኛል።

ቀኑን መምረጥ ብዙ ቡድኖች የሚሳሳቱበት ነው። ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጡ ወገኖቻችን እረፍት የሚያገኙት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ወንዙ ሞልቶ ሰው ከማዶ አይሻገርም፣ ገበሬውም እርሻ ላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። በደጋው አገር የሚሻለው ከጥምቀት በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ እህሉ ገብቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ልጆቹ ትምህርት ላይ ናቸው። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በየትኛው ሳምንት እንደሚውል ግን ርዕሰ መምህሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። በኦርቶዶክስ አካባቢ እንደ ሚካኤልና ማርያም ባሉ የበዓል ቀናት ሰው በሬ አይጠምድም፤ ከቅዳሴ በኋላ በብዛት ይመጣል። የገበያ ቀን ላይ ማድረግ ደግሞ ከሩቅ ጎጥ ያለውን ሰው ይጠቅማል፤ ሴቶች ግን ዕቃቸውን ሳይሸጡ ተራ አይጠብቁም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሁለት ሰው ቀድሞ መሄድ አለበት። በመጀመሪያ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ጤና ጣቢያው፣ በመጨረሻ ቀበሌው። የመንገዱን ጸጥታ በትክክል የሚነግሩትም እነዚሁ ናቸው። ከውጭ የሚመጣ ሐኪም ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ ሳይኖረው ታካሚ ማየት አይችልም፤ ይህ ጉዳይ ከጉዞው ወራት በፊት መጀመር አለበት። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ብዙውን ጊዜ በአካባቢው በብዛት የታዩ አሥር በሽታዎች ዝርዝር ተለጥፎ ይገኛል። እሱን በስልክ ፎቶ አንሥቶ መመለስ ነው። የመድኃኒት ግዢው ከዚያ ወረቀት ነው የሚነሣው። በዚያው ጉዞ ጤና ኬላውን ማየትና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹን ማነጋገር ይገባል። እነዚህ ሴቶች የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ ከተጀመረበት ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩ ናቸው። ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ የማን ልጅ እንደከሳ፣ ማን ከቤት መውጣት እንዳቃተው ከማንም በላይ ያውቃሉ። የተራ ቁጥሩን አስቀድመው በየጎጡ የሚያድሉትም እነሱ ቢሆኑ ይመረጣል። ይህ ካልሆነ ተራውን የሚያገኙት ለመንገድ የቀረቡትና ጉልበት ያላቸው ናቸው።

መድኃኒት በሻንጣ ይዞ መምጣት የሚያስከትለውን ጣጣ ብዙ ሰው የሚረዳው ቦሌ ሲደርስ ነው። ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቅድሚያ ፈቃድ ያልተያዘለት መድኃኒት ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ፈቃድ ቢኖረውም ከሰው ተርፎ የተሰበሰበ ኪኒን፣ የተከፈተ ጠርሙስና የሐኪም ናሙና መምጣት የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያም ይህንኑ ይከለክላል፤ የሚለገስ መድኃኒት አገር ሲገባ ቢያንስ አንድ ዓመት ሊቀረው ይገባል ይላል። የሚበጀው ገንዘቡን ይዞ መጥቶ አዲስ አበባ ወይም የዞኑ ከተማ ላይ መግዛት ነው። ጤና ጣቢያው የሚያውቀው ስም፣ የሚያውቀው መጠን ይሆናል፤ የተረፈውም ሳይበላሽ ይጠቅማል። ሻንጣው ደግሞ እዚህ ውድ ለሆኑት የደም ግፊት መለኪያዎች፣ የጆሮ መመርመሪያና የማንበቢያ መነጽሮች ይሁን። የዱቄት ወተት ግን በፍጹም አይምጣ። ንጹሕ ውኃ በሌለበት ቤት በጡጦ የተበጠበጠ ወተት ተቅማጥ ያመጣል፤ ቆርቆሮው ሲያልቅም የእናትየው ጡት ደርቆ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። አንድ ሐኪም አንድን ሰው በትክክል ለማየት ስምንት ደቂቃ ቢወስድበት፣ በቀን ስድስት ሰዓት ቢሠራ፣ የሚያየው 45 ሰው ነው። አራት ሐኪም በሁለት ቀን 360 ሰው ማለት ነው። የተራ ካርዱ 300 ይታደል፤ 60ው ቦታ በቃሬዛ ለሚመጣው፣ ትኩሳት ላለበት ሕፃንና ለነፍሰ ጡር ይቀመጥ። «ሺህ ሰው እናክማለን» ብሎ የሚነሣ ቡድን ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም፤ እንዲያ ሲሆን ምርመራው ይቀርና ኪኒን ማደል ብቻ ይሆናል።

የእከክ መድኃኒት ላይ የሚሠራው የስሌት ስሕተት በየጉዞው ይደገማል። በ2015 እና 2016 እ.ኤ.አ. ድርቅ ማግሥት እከክ በአማራ ክልል እንዴት እንደተዛመተ የሚያስታውስ ሰው ይህን አይስተውም። ቡድኖች ለአንድ ታካሚ አንድ ቱቦ ፐርሜትሪን ቆጥረው ይመጣሉ። ለአንድ አዋቂ ሰውነት በሙሉ 30 ግራም ያህል ያስፈልጋል፤ መቀባት ያለበትም ያሳከከው ሰው ብቻ ሳይሆን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድር ሁሉ፣ በአንድ ሌሊት ነው። ስድስት ነፍስ ላለበት ቤት አምስት ስድስት ባለ 30 ግራም ቱቦ ማለት ነው፤ ከሳምንት በኋላ ለሚደገመው ደግሞ ሌላ ያን ያህል። ልብሱና ጋቢው በዚያው ቀን መቀቀል ወይም ፀሐይ ላይ መሰጣት አለበት። ይህን ያህል መግዛት ካልተቻለ ጥቂት ቤቶችን ጨርሶ ማከም ይሻላል። ለሁሉም በትንሽ በትንሹ ማዳረስ እከኩን ከቤት ወደ ቤት ሲያዞረው ይከርማል።

ለልጆች አንቲባዮቲክ በሽሮፕ ፋንታ ውኃ ውስጥ የሚሟሟውን የአሞክሲሲሊን ኪኒን መያዝ ይመረጣል። ሽሮፑ ይከብዳል፤ አንዴ ከተበጠበጠም ቶሎ ይበላሻል፣ ለመበጥበጥም ንጹሕ ውኃ ይፈልጋል። ለተቅማጥ የሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ አብረው ይሰጡ። አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ውኃ መሆኑን ለእናትየው መንገር አይበቃም፤ በቤቷ ያለው ዕቃ ስንት እንደሚይዝ መታወቅ አለበት። አንድ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ አብሮ መስጠት ሙሉ ማብራሪያውን ይተካል። የትል ኪኒን ከመታደሉ በፊት ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ መቼ እንደወሰደ ይጠየቅ፤ በዘመቻ የሚሰጥ ስለሆነ በላዩ ላይ መደረብ አያስፈልግም። አልቤንዳዞል ከሁለት ዓመት በላይ ላለ 400 ሚሊ ግራም ነው፤ ለትንንሾቹ ተፈጭቶ በውኃ ይሰጥ እንጂ እያለቀሰ ያለ ሕፃን አፍ ውስጥ ሙሉ ኪኒን አይግባ፤ ያንቃል። የብልሃርዝያው ፕራዚኳንቴል በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል፣ ያስታውካል። ብዙ ልጅ ቁርስ ሳይበላ ስለሚመጣ ዳቦ ቀድሞ መታደል አለበት።

ወገቡን የሚያመው ሰው ሁሉ ጨጓራውንም ያመዋል ብሎ መነሣት ነው። ለወገቡ ዲክሎፌናክ የተሰጠው ሰው ጨጓራው ቆስሎ ደም እንዳያስታውከው፣ ማስታገሻው ከመጻፉ በፊት የጨጓራው ነገር ይጠየቅ። «መርፌ ካልወጋችሁኝ አልድንም» የሚልም ይበዛል፤ ለዚህ መልሱ ትዕግሥት ነው። ቡድኑ ከማደንዘዣ በቀር መርፌ ይዞ ባይመጣ ይመረጣል።

ቋንቋው ራሱ ምርመራ ነው። ውጭ አገር የተማረ ሐኪም «ልቤን ያቃጥለኛል» ሲባል ወደ ልብ ምት ይሄዳል፤ ታካሚዋ የምትናገረው ስለ ጨጓራዋ ነው። «የወፍ በሽታ» የጉበት ነው፤ ዐይን ቢጫ ሆኗል ማለት ነው። «ምች መታኝ» የሚለው ሰው ትኩሳትና የከንፈር ቁስል ይዞት ይሆናል፤ «የሳንባ ምች» ግን ሌላ ነው። ዕድሜ በቁጥር የማያውቁ አዛውንት «በ77ቱ ድርቅ ጊዜ አግብተው ነበር ወይ? ስንት ልጅ ነበረዎት?» ቢባሉ ከእርግጡ ብዙም የማይርቅ ይገኛል። በየጠረጴዛው የአካባቢው ሰው የሆነ አንድ አስተርጓሚ፣ አማርኛ ተናጋሪ አካባቢ ላይም ቢሆን፣ አይቅር።

የደም ግፊት ሲለካ ሰውየው ሁለት ሰዓት ዳገት ወጥቶ መምጣቱ አይረሳ። አምስት ደቂቃ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ክንዱ በልቡ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ አርፎ፣ ሁለት ጊዜ ይለካ። በአንድ ቀን ልኬት ብቻ «ደም ግፊት አለብዎት» ተብሎ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ኪኒን አይጀመርም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ጤና ኬላ ሄዶ እንዲለካ ቁጥሩ ተጽፎ ይሰጠው። ከ180/120 በላይ ሆኖ ራስ ምታት፣ የዐይን ብዥታ ወይም የደረት ውጋት ያለበት ግን በዚያው ቀን መኪና ይፈለግለት።

መድኃኒት የሚታደልበት ጠረጴዛ ላይ ብዙ ይበላሻል። ከውጭ የመጣው ባለሙያ ፖስታው ላይ «በ8 ሰዓት» ብሎ ቢጽፍ ታካሚው የሚወስደው ከቀትር በኋላ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ስትወጣና ስትገባ የሚያሳይ ሥዕል ይታተምበትና ኪኒኖቹ በቁጥር ይሣሉበት። የማብቂያ ቀኑ የሚታተመው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ «2027» የሚለውን እንደኛ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው መድኃኒቱን ካለፈበት ሰባት ስምንት ዓመት በኋላም ደኅና ነው ብሎ ይውጠዋል። የሚቀር መድኃኒት ሁሉ ላይ በኛው ቀን በእስክሪፕቶ ይጻፍ። የቀጠሮም ቀን እንደዚያው፤ «በሚመጣው ወር ሚካኤል ማግሥት» የሚለው አገላለጽ ከማንኛውም ቁጥር ይበልጥ ይታወሳል። ጾምም አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናት በቀን ሦስቴ የሚወሰድ ኪኒን ሁለቱን ብቻ ይወስዳሉ። «ይጾማሉ ወይ?» ተብሎ ተጠይቆ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚበቃው ይመረጥላቸው። ጠበል የሚጠመቁትንም መከራከር አይገባም፤ ጠበሉን እየተጠመቁ መድኃኒቱን እንዲወስዱ አብሮ የመጣው ካህን ሲነግራቸው ነው የሚሰሙት።

ዐይን ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። አንገቷ ላይ ወረንጦ ያንጠለጠለች ሴት ካለች፣ ያ ጌጥ አይደለም። ትራኮማ፣ በሕዝቡ አጠራር የዐይን ማዝ፣ ሽፋሽፍቷን ወደ ውስጥ ቀልብሶት፣ የዐይኗን ብሌን እየፋቀ ያለውን ፀጉር የምትነቅልበት ነው። መንቀሉ ለጥቂት ሳምንት ያሳርፋታል፤ ፀጉሩ ተመልሶ ሲበቅል መፋቁ ይቀጥላል፣ መጨረሻውም መታወር ነው። የሚፈውሳት የሠለጠነ ነርስ በአካባቢ ማደንዘዣ የሚሠራው አጭር የሽፋሽፍት ቀዶ ሕክምና ነው። የወረዳው የዐይን ሕክምና ባለሙያ በዚያ ቀን እንዲገኝ ከተደረገ በሁለት ቀን የሚያልቀው ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ጉዞው ይህን ብቻ ቢሠራ እንኳ ያንስበታል አይባልም። የትራኮማውን አዚትሮማይሲን ግን በራስ ፈቃድ ማደል አይገባም፤ ወረዳው በዘመቻ የሚሰጠው ነውና ስሌቱን ያፋልሳል።

የማንበቢያ መነጽር ከ+1.00 እስከ +3.50 ይያዝ፤ በብዛት የሚወጣው ከ+1.50 እስከ +2.50 ያለው ነው። መፈተኛው የፊደል ገበታ መሆን የለበትም። ለእናቶች መርፌና ክር፣ ወይም ጠጠር የሚለቀምበት ምስር በሰፌድ፤ ለካህናት ዳዊት። ምስሩን ለቅመው ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ የሚታየው ደስታ ቁጥሩ መስማማቱን ይናገራል። ከሰው የተሰበሰበ የሩቅ ማያ መነጽር በጆንያ ማምጣት ግን ትርፉ ሸክም ነው፤ ቁጥሩ ከማንም ጋር አይገጥምም።

ሕክምናውና ትምህርት ቤቱ የሚገናኙት እግር ላይ ነው። ቀይ አፈር ባለበት ደጋ በባዶ እግር የሚሄድ ልጅ ከዓመታት በኋላ እግሩ ሊያብጥ ይችላል። ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። አይተላለፍም፤ የሚያመጣው ከአፈሩ ወደ ቆዳ የሚገባ ረቂቅ ብናኝ ነው። ሕመምተኞቹ ግን ከሰርግም ከማኅበርም ይገለላሉ፣ ልጆቻቸውን የሚያገባ ይጠፋል። ላበጠው እግር በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ በስድስት ሊትር ውኃ 15 ሚሊ ሊትር በረኪና ጨምሮ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው፤ ይህን አንድ ጊዜ ቤተሰቡ ፊት ሠርቶ ማሳየት ይቻላል። ላላበጠው ልጅ መከላከያው ጫማ ነው። ኮንጎ ጫማ ክፍት ስለሆነ አፈር ያስገባል፤ የተሸፈነ ጫማ ይገዛ። ቁጥሩ በግምት አይሆንም። መምህራኑ እያንዳንዱን ልጅ ወረቀት ላይ አቁመው የእግሩን ዙሪያ በእርሳስ ይሣሉ፣ ስሙንና ክፍሉን ይጻፉበት፤ ገዢው ከሥዕሉ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ይምረጥ። ካልሲ ሁለት ሁለት ይሁን።

ደብተር ቀላል ይመስላል። 300 ተማሪ፣ ለእያንዳንዱ በአማካይ ስምንት ቢባል 2,400 ነው፤ 200 ደርዘን። አንዱ 150 ግራም ቢመዝን 360 ኪሎ ይሆናል፤ ከመድኃኒቱና ከሰዉ ጋር አንድ ላንድ ክሩዘር አይሸከመውም። በአይሱዙ ቀድሞ ይላክ። ሁሉንም በአንድ ቀን ማደልም ጥሩ አይደለም። ግማሹ መስከረም ላይ፣ ግማሹ የካቲት ላይ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀመር ቢሰጥ፣ ደብተሩ አልቆበት ሊቀር የነበረውን ልጅ ይይዘዋል። የሚያድለው ርዕሰ መምህሩና ወተመህ (የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት)፣ በየክፍሉ በስም ጥሪ ነው። ሕክምናው በሚሰጥበት ግቢና ሰዓት ከተሰጠ ግፊያው ሁለቱንም ያበላሻል። ልጆችን በየተራ ካሜራ ፊት አቁሞ ማስቀበልም ይቅር። የድኻ ልጅ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ እንዲያየው ማድረግ ነውና።

ለሴት ተማሪዎች ሞዴስ ሲገዛ የውስጥ ሱሪ ይረሳል። ያለሱ ሞዴሱ የሚያርፍበት የለውም፤ ለእያንዳንዷ ሁለት ይታሰብ። ታጥቦ የሚደጋገመው ዓይነት የሚያገለግለው ትምህርት ቤቱ ውኃ፣ ሳሙናና በሩ የሚዘጋ ክፍል ካለው ነው፤ ከሌለው የሚጣለው ይሻላል። የሚታደለውም በሴት መምህር በኩል ብቻ ይሁን። ከዚህ ሌላ አንድ ከሰዓት በኋላ የሚፈጅ ሥራ አለ፤ የሁሉንም ልጆች ዐይን መፈተሽ። ፊደል ላልቆጠሩት ጭምር እንዲሆን በአራት አቅጣጫ የሚዞረው የሹካ ሥዕል ገበታ በስድስት ሜትር ርቀት ይሰቀላል፣ አንዱ ዐይን በመዳፍ ይሸፈናል፤ በጣት ከተሸፈነ ልጁ በመካከሉ ያያል። ገበታው ላይ 6/12 የተባለውን መስመር ያልለየ ልጅ በዚያው ሰኞ ፊት ወንበር ይቀመጣል፤ ስሙም ለዐይን ባለሙያው ይተላለፋል። መምህራኑ ይህን በግማሽ ሰዓት ይማሩታል፤ ገበታውም እዚያው ይቀራል።

የማያልቀው ሕክምና የሚተላለፍበት ወረቀት ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቡድኑ በራሱ ማኅተም «ወደ ሆስፒታል ይሂዱ» ብሎ ቢጽፍ የጤና መድን ያለው ሰው እንኳ ሆስፒታል ደርሶ ከኪሱ እንዲከፍል ይጠየቃል፤ መድኑ የሚሠራው በጤና ጣቢያው በኩል በተጻፈ ማስተላለፊያ ነው። ስለዚህ የጤና ጣቢያው ባለሙያ ማስተላለፊያ ጥራዙንና ማኅተሙን ይዞ ከሐኪሞቹ ጎን ይቀመጥ፤ አበሉም በጉዞው በጀት ይያዝ። ገንዘብ ከተረፈ ተጨማሪ ኪኒን ከመግዛት ይልቅ፣ መክፈል የማይችሉ ሆነው ወረዳው ከሚከፍልላቸው ዝርዝር የቀሩ ቤተሰቦችን የዓመት የመድን መዋጮ መሸፈን ይሻላል። አንድ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ ይታከምበታል።

ሕፃናት ሲመጡ የሁሉም የክንዳቸው ዙሪያ ይለካ። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ በዚያው ዕለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መዝገብ ላይ ይግባ፤ ለከሳ ልጅ የሚታደለውን ምግብ በየሳምንቱ የምትሰጠው እሷ ናት።

ስለት ያለው ነገር ሁሉ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይገባል፤ ሣጥኑ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል፣ ጤና ጣቢያው ማቃጠያ ይወሰዳል። ጓንትና የደም ጨርቅ ሜዳ ላይ አይቀበርም፤ ውሻ ያወጣዋል።

የታካሚዎቹ መዝገብ በሁለት ቅጂ ይያዝ። አንዱ ጤና ኬላው ይቀራል፣ አንዱ ከቡድኑ ጋር ይመለሳል። ወደ ላቀ ሕክምና የተላለፉት ስም በቀይ ይሠመርበት። በሠላሳኛው ቀን አንድ ሰው ስልክ አንሥቶ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይደውልና ስሞቹን አንድ በአንድ ያንብብላት፤ ማን ሄደ፣ ማን ቀረ፣ የቀረው ለምን ቀረ። ብዙውን ጊዜ የሚያስቀረው የመኪና መሳፈሪያ ወይም አብሮ የሚሄድ ሰው ማጣት ነው፤ ለዚያ የሚሆን ብር ከበጀቱ ላይ ከመጀመሪያው ተነሥቶ መቀመጥ አለበት።